ካለፈው እንማር፦ ከኛ በፊት ኢሲዮሎ የሰፈሩት

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በጭነት መኪና የመጣ ሁሉ ኢሲዮሎን ያውቃታል። እዚያች ከተማ ከኛ ብዙ ዘመን በፊት ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ካምፕ እንደነበረ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን ሰሞኑን ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ “የተፈረመ ወረቀት ካለ ዓለም አይጥለንም” አለ። ሌላው “ወረቀት ምን ይሠራል? ጉልበተኛው ያሻውን ያደርጋል” ሲል መለሰ። እስቲ የጣሊያንን ዘመን እንይና እንፍረድ። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጣሊያንም ደግፋ ነበር። በ1918 እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተስማሙ፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ፣ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንድትዘረጋ። ባለቤቷን ማን ጠየቀ? ማንም። ራስ ተፈሪ ለማኅበሩ አቤት ሲሉ ግን ሁለቱም “ልናስገድድ አይደለም” ብለው አፈገፈጉ። ያን ጊዜ ወረቀት ሠርቷል።

በሐምሌ 1920 ኢትዮጵያና ጣሊያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ ግን ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላም። በኅዳር 1927 ወልወል ላይ ግጭት ተነሳ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሎ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ነገር ግን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጪ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒ ወደ ሂትለር እንዳይሄድባቸው ፈርተው ነበር። እሱ ግን ሄደ። የመርዝ ጋዝ ላለመጠቀም በ1917 ጄኔቭ ላይ የተደረገውን ስምምነት ጣሊያን ፈርማ ነበር፤ ሆኖም መርዙን በሕዝባችን ላይ አዘነበችው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ። በሐምሌ ወር ማዕቀቡ ተነሳ።

ታዲያ ያኔ ነው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኬንያ የተሻገረው። ከደቡብ ግንባር የተበተነ ወታደር፣ ሚስቶችና ልጆች ነበሩበት። ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም መጡ። ኢሲዮሎ ሰፈሩ፤ በኋላም ወደ ታንጋኒካ ድንበር፣ ታቬታ ወደምትባለው ቦታ ተወሰዱ። እነሱ እዚያ ሳሉ በ1931 እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” ብላ አወቀች። አስቡት እንግዲህ፤ ያስጠለላቸው መንግሥት አገራቸው የሌላ ናት አለ።

በሰኔ 1932 ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት እንደ ሸክም ይታይ የነበረው ስደተኛ ተፈላጊ ሆነ። ከታቬታ የተውጣጣ ሻለቃ ወደ ሱዳን ተልኮ በጎጃም ዘመቻ ተሳተፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ወረራውን ፈጽሞ ያላወቁ መንግሥታትም ነበሩ። አንዷ ሜክሲኮ ናት። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የጠበቅን ሁሉ ስሙ ከዚያ ውለታ እንደመጣ ለልጆቻችን እንንገር።

ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች ግማሽ እውነት አላቸው። ወረቀት ብቻውን አያድንም፤ መንግሥታት የሚነሱት የራሳቸው ጥቅም ሲነካ ነው። ወረቀት የሌለው ግን ጊዜው ሲገለበጥም አቤት የሚልበት የለውም። ስለዚህ ካርዳችሁን፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት፣ የቀጠሮ ወረቀታችሁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። የዛሬው መልስ እንቢ ቢሆንም አትቅደዱት።

አያቱ ወይም አባቱ ኢሲዮሎ ወይም ታቬታ የነበረ ሰው በመካከላችን ካለ መጥቶ ያጫውተን። የነገረንን እንጽፋለን። ታሪካቸው ከነሱ ጋር እንዳይቀበር።