እብነ በረዱን ማን በላው?

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቤቱ ተጠርጎ፣ መጋረጃው ታጥቦ፣ የዶሮው ሽንኩርት ምድጃ ላይ ነው። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳሎኑ ላይ ስታርፍ ዓይኔ ወለሉ ላይ ቀረ። ብዙ ገንዘብ አውጥተን ያስነጠፍነው ነጭ እብነ በረድ ጭጋግ ለብሷል። በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያማ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህሉ ደብዛዛ ክቦች ይታያሉ።

ቀልቤን ሳልሰበስብ ቤት ውስጥ የምታግዘንን ልጅ ጠራኋት። «በምንድን ነው የወለወልሽው?» አልኳት። ድምፄ ጓዳ ያለችው እናቴ ጋ ደርሷል። ልጅቷ አቀርቅራ «እትዬ፣ እርስዎ በሰጡኝ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። በረኪና ደፍታበት ይሆናል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ከበዓሉ በኋላ እብነ በረድ በማሽን የሚወለውል ባለሙያ አስመጣን። ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ እኮ አልቆሸሸም፤ ተበልቷል» አለኝ። ቀጥሎም «መወልወያው ውሃ ውስጥ ምን ትጨምራላችሁ?» ሲል ጠየቀ። መልሱ ከራሴ አፍ ወጣ፤ አቼቶና ሎሚ። «ኬሚካል ለልጆች ጥሩ አይደለም፤ ተፈጥሯዊው ይሻላል» ብዬ ጠርሙሱን ለልጅቷ የሰጠኋት እኔው ነኝ። የተቆጣኋት እናቴ እየሰማች ስለነበር ይቅርታ የጠየቅኳትም እናቴ ባለችበት ነው።

የዚህ ወር ጽሑፌ ያ ባለሙያ ካስተማረኝና ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት የተቀዳ ነው። ቤትዎን ድንጋይ ለማንጠፍ ካሰቡ ወይም አንጥፈው ከሆነ ከእኔ ስህተት ይማሩ።

የቆሸሸና የተበላ

እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። የኖራ ድንጋይም እንደዚሁ። ይህ ማዕድን አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ ወይን፣ ጠጅ፣ ለስላሳ መጠጥ ሁሉም አሲድ አላቸው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ለሽንት ቤት የሚሸጠው አሲድ ያለበት ማጽጃ ነው።

ስለዚህ ወለልዎ ላይ ምልክት ሲያዩ መጀመሪያ ይለዩት። እድፍ ወደ ድንጋዩ የገባ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ ቀለም ጠቆር ይላል። የተበላ ቦታ ግን ከድንጋዩ ላይ የጎደለ ነገር ነው፤ ደብዘዝ ይላል፣ ጎንበስ ብለው በብርሃን አቅጣጫ ሲያዩት ይለያል፣ አንዳንዴም ሲዳሰስ ይሻክራል። እድፍን ማውጣት ይቻላል። የተበላውን ግን ቢያሹት፣ ቢፈትጉት አይመለስም። መፍትሔው በባለሙያ እንደገና ማስወልወል ነው። እኔ ክቦቹን ለማጥፋት ሎሚ ጨምሬ አሽቼ ነበር፤ ምን እንዳተረፍኩ መገመት አያቅትዎትም።

«ሲለር ስለተቀባ አይነካውም» የሚልዎትን ሻጭም በጥንቃቄ ይስሙ። ሲለር ዘይትና ቡና ቶሎ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ አሲድ እብነ በረድን እንዳይበላው አያግድም።

ሲመርጡ

በሀገራችን የሚወጣ ድንጋይ ብዙ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ እብነ በረድ የታወቀ ነው። የአምቦ ድንጋይ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ግራናይት በዋናነት ኳርትዝና ፌልድስፓር ከሚባሉ ጠንካራ ማዕድናት የተሠራ በመሆኑ የማዕድ ቤት አሲድ አያሸንፈውም። ችግሩ ገበያ ላይ ጠቆር ያለ ድንጋይ ሁሉ «ግራናይት» መባሉ ነው።

ይህን ለመለየት ከሻጩ ቁራጭ ድንጋይ ለምነው ወደ ቤት ይውሰዱ። በአንዱ ጥግ ጥቂት የሎሚ ጠብታ አድርገው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጥረጉት። ቦታው ከደበዘዘ እንደ እብነ በረድ አሲድ የሚፈራ ድንጋይ ነው። በሌላው ጥግ ውሃ ያንጠባጥቡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጠቆረ ውሃ ይጠጣል ማለት ነውና ሲለር ይፈልጋል።

አጨራረሱም ይታሰብበት። እንደ መስታወት የተወለወለ ድንጋይ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። አዛውንት ወይም ድክ ድክ የሚል ሕፃን ካለዎት ለመታጠቢያ ክፍል፣ ለማዕድ ቤትና ለበረንዳ ማቱን ይምረጡ። ማት በሆነ ድንጋይ ላይ አሲድ የሚተወው ምልክትም ያን ያህል አይታይም።

ሲገዙ ለመቁረጫ ብክነትና ለወደፊት ጥገና 10 በመቶ ያህል ይጨምሩ። 40 ካሬ ሜትር ለሆነ ሳሎን 44 ካሬ ማለት ነው። የተረፈውን አይጣሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ ድንጋይ ቢሰነጠቅ ተመሳሳይ ቀለም ማግኘት ከባድ ነው። ሠራተኛው መለጠፍ ከመጀመሩ በፊት ድንጋዮቹን መሬት ላይ ደርድሮ ያሳይዎት። ነጭ እብነ በረድ ከሆነም በነጭ ማጣበቂያ እንዲለጠፍ ይጠይቁ፤ ግራጫው ሲሚንቶ በሥሩ ሊያጠቁረው ይችላል።

በየቀኑ

የወለል ጠላት አሲድ ብቻ አይደለም፤ አቧራም አለ። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ10 ውስጥ እብነ በረድ 3 ገደማ ሲሆን አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። በጫማ የገባች አሸዋ በተራመድን ቁጥር ወለሉን ትሞርዳለች። በበጋው አቧራም ሆነ በክረምቱ ጭቃ ዋናው መድኃኒት በር ላይ የእግር መጥረጊያ ማንጠፍና ጫማን ደጅ መተው ነው።

አጠራረጉ ቀላል ነው። መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ አቧራውን ማንሳት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሲድም በረኪናም የሌለበት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብ አድርጎ መወልወል፤ በሌላ ባልዲ ንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፤ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ሳሙና ሲበዛ ወለሉ ላይ ቀርቶ ያደበዝዛል። በዱቄት መልክ የሚመጣ መፈተጊያና የብረት ሽቦ ወለሉ አጠገብ አይድረሱ።

በዓል ሲመጣ

ቤታችን ያለ ቡናና ያለ ቄጠማ በዓል አይሞቀውም፤ ይቅር አልልም። ከሰሉን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ትሪ ወይም ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ማስቀመጥ ግን ድንጋዩን ከሙቀት ያድናል። እርጥብ ቄጠማ ነጭ ድንጋይ ላይ ሲሰነብት ቀለሙን ሊተው ስለሚችል በማግስቱ ይነሣ። የጧፍ ሰም ሲንጠባጠብ ደርቆ እስኪጠነክር ጠብቀው በፕላስቲክ ካርድ ይፋቁት፤ በቢላ አይሞክሩ።

የፈሰሰ ነገር ወዲያው ይነሣ፤ እየጠረጉ ሳይሆን በጨርቅ እየጠቀጠቁ፣ አለበለዚያ ይሰፋል። የወጥ ዘይት ከሰረገ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ሊጥ አቡክተው እድፉ ላይ ይደምድሙት፤ በፕላስቲክ ሸፍነው 24 ሰዓት ያቆዩት። ሊጡ ሲደርቅ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። አንዴ ካልበቃው ይደገማል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲድ ስላለበት እንዳይሳሳቱ።

የእኛ ወለል ተወልውሎ ብርሃኑ ተመልሷል። ለማስወልወል ያወጣነው ገንዘብ ግን ለአንድ ጠርሙስ አቼቶ ከከፈልኩት ጋር አይወዳደርም። ዛሬ ስለ ድንጋዩ ከሁላችን በላይ የምታውቀው ያቺ የተቆጣኋት ልጅ ናት። ባለፈው እንግዳ መጥቶ ባለቤቴ ዓሣው ላይ ሎሚ ሊጨምቅ ሲዘጋጅ ቀድማ ትሪ አቀረበችለት። «ጋሼ፣ ወለሉ ሎሚ አይወድም» አለችው። እኔ ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?