ማን ሞቶባት ነው?

አምስት ኪሎ፣ ከሙዚየሙ ፈንጠር ብላ ካለች ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ መጽሐፍ አዟሪው መጣ። ክንዱ ላይ ከቆለላቸው አንዱን መዘዘና ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ያስለቅሳል» አለኝ። በቃ። ማን እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደሆነ አንዲት ቃል የለም። ገልብጬ ጀርባውን ባየው አሳታሚውም የሚለው ያንኑ ነው፤ መሐረብ ሳይዙ እንዳይጀምሩት። ከሥሩ ሦስት «አንጋፋዎች» ማልቀሳቸውን መስክረዋል። አንደኛው ሁለት ጊዜ ነው ያለቀሰው።

አልገዛሁትም። በዚህ ዓምድ ስለ መጽሐፍ ጀርባ ስነጫነጭ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ የአሁኑ ግን ባሰብኝ። እኛ እኮ ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን። አልቃሽ ሥራዋ ላይ ያየ ይመስክር፤ መሐል ቆማ «በሉ አልቅሱ» አትልም። ሟቹ እንዴት ይፎክር እንደነበር፣ ለማን አበድሮ ለማን እንደተወ፣ ልጁን ሲድር ምን ብሎ እንደመረቀ ታነሣለች። ሰዉ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ነው የሚፈርሰው። የመጽሐፍ ጀርባ ጸሐፊው ግን ሬሳው ሳይወጣ ደረት ምቱ ይለናል።

አንድ ሐያሲ ወዳጄ ደግሞ ከዚያኛው ጫፍ ነው። ስድስት ኪሎ የተማረው ንድፈ ሐሳብ ከዕንባ ጋር አጣልቶታል። የሚያስለቅስ መጽሐፍ ሁሉ ርካሽ ነው ባይ ነው፤ አንባቢ ካለቀሰ ማሰብ አቁሟል ይላል። ክርክሩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ቦታ አላባክንለትም። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ የገጠመኝን ብቻ ልንገረው።

ልጅቷ የተሳፈረችው ከቴክኖሎጂው ግቢ በር ላይ ነው። ከቦርሳዋ ጎን የተጠቀለለ የንድፍ ወረቀት ብቅ ብሏል፤ መሐንዲስ ልትሆን ነው ማለት ነው። መስኮቱን ተደግፋ መጽሐፏን ገለጠች። አራት ኪሎ ሳንደርስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል የዘረጋውን እጅ መልሶ ሰበሰበው። አጠገቧ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት። አፍራ መልስ አጣች። በመጨረሻ፣ «በዛብህ» አለች።

«ውይ በሞትኩት! ወንድምሽ ነው?»

ታክሲው በሙሉ ነፍስ ይማር አለ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ግን አንገታቸውን አስግገው ሽፋኑን አዩና፣ «የሰብለ ወንጌሉ በዛብህ ነው እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «እሱንማ እኛም በሬዲዮ ቀብረነዋል!»

እናትየው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያን ሁሉ ነፍስ ይማር ለልብ ወለድ ሰው ማባከናቸው ነዋ። ጭራሽ። «መንገድ ላይ ነው አይደል የቀረው?» ብለው ጠየቁና፣ ራስ መኰንን ድልድይን እስክንሻገር ድረስ ከአዛውንቱ ጋር ስለ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲያወጉ ቆዩ።

ለወጣቶቹ አንባቢዎቼ ባጭሩ፦ ወጋየሁ የቲያትር ሰው ነበር፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ የተረከው እሱ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ ከአምስት ኪሎ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት። ይሁን እንጂ ፊደል የቆጠረው ጥቂት በነበረበት አገር ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን ጠላ ቤትና ገበሬ ጎጆ ያስገባቸው ድምፅ ነው። ሬዲዮም ቢሆን በየቤቱ አልነበረም። ያለው በሩን ይከፍታል፣ የሌለው ዱካውን ይዞ ይመጣል። በዛብህ የሞተ ዕለት ያለቀሰው አንባቢ አይደለም፣ ሰፈር ነው። ሴቱ በግልጽ፣ ወንዱ ጭሱን እያመካኘ።

ይህም ከሬዲዮ ጋር የመጣ ልማድ አልነበረም። በጽጌ ወራት ሰቆቃወ ድንግል ሲዜም፣ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት ሲነበብ፣ ግእዙን በወጉ የማይሰማው ሳይቀር ያነባል። የእኛ ሰው በመጽሐፍ ማልቀስን የተማረው በጆሮው ነው፣ ከሰው ጋር ቆሞ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት በጎጃም ገዳማት ቀስመዋል፤ ዲማ ለእሳቸው የልብ ወለድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከራስ እምሩ ጋር በጣሊያን ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ዓመታት ታስረዋል፤ ሊያላዝኑብን ቢፈልጉ ስንቅ አልጎደላቸውም። መጽሐፋቸው ግን ዕንባችንን ከመጠየቁ በፊት ስንት ገጽ ያስቀናል! የፊታውራሪ መሸሻ ጉራ ብቻውን አንድ ኮሜዲ ይወጣዋል። ጉዱ ካሳ በተናገረ ቁጥር አንዱ ትልቅ ሰው ይበሳጫል፣ እኛ እንስቃለን። ወዳጄ የማይገባው ግን ከሁሉ በላይ ስለቱ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ እንዳይሞትባቸው። ኋላ በዛብህን አንቆ የሚይዘው ያ ስለት ነው። ክፉ ሰው የለበትም፣ ደራሲውም አይጮኹበትም። እንዲህ ያለው ነገር ያስለቀሰው አንባቢ ማሰብ አቁሟል? ልጅን፣ ስለትን፣ ወላጅን ያን ያህል ያሰበበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በዓሉ ግርማ የተለየ ጉዳይ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፣ ቮልስዋገኑ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። የጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር እያነበበ ዓይኑ የሚረጥብ ሐበሻ ለማን እንደሚያለቅስ ራሱም አይለየውም። በ2017 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ፈረንጁ ለፊያሜታ ያልቅስ፣ ግማሹ ለቅሶ ግን አይደርሰውም።

ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን ወፍራም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየተረጎመ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ሰጠን። ሐያስያን ያንን መጽሐፍ ባርነትን አስውቧል ብለው ይወቅሱታል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ነገን ማየቱን እርግጠኛ ያልሆነ እስረኛ ያን ርዕስ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሲያነብ «ርካሽ ስሜት» የሚለው ሰው ካለ፣ ወዳጄ እንኳ ቢሆን፣ ማኪያቶ አልጋብዘውም።

ታክሲው ፒያሳ አራገፈን። እናትየው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው፤ ድሮ ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ አሁን ሁለት ታክሲ ይቀራቸዋል። ሰፈሩ በ2016 ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ አልክድም። እሳቸው ግን የሚያሳዝናቸው ቤቱ አይደለም፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። በበዛብህ ሞት አብረዋቸው ያለቀሱት ሴቶች ዛሬ አንዷ የካ፣ አንዷ አቃቂ ናቸው፤ የሚገናኙት የእውነት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የወጋየሁን ትረካ የልጅ ልጃቸው ከዩቲዩብ አውጥቶ ሰጥቷቸዋል፣ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር። «ምን ያደርጋል፣» አሉኝ፣ «ዞር ብዬ የማየው ሰው የለ።»

ያኔ ነው ስለዚያ መጽሐፍ ጀርባ ሌላ ነገር የታሰበኝ። ሦስቱ አንጋፋዎች ምናልባት ለንግድ ብቻ አልተቀመጡም። አንባቢው ብቻውን ነው፤ ሌላም ያለቀሰ ሰው እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። የጎረቤት ምትክ ናቸው ማለት ነው። ደካማ ምትክ፣ ሁለት ጊዜ ያለቀሰው በተለይ።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት። አራት ኪሎ ላይ በ2014 የተከፈተ ግሩም ቤት ነው፤ እንደ ቤተ መጻሕፍት ወጉ ዝምታን ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ክፍል አንዱን ብቻ ለጫጫታ ስጡን። በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ የፈለገ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥ፣ ሕፃንም ያልቅስ፣ አዛውንትም ይሳል። ሐያሲው ወዳጄ ይኼን ስነግረው ሳቀና፣ «ማን ሊያነብልህ?» አለኝ። ለመጀመሪያው ምሽት እሱን አስቤዋለሁ። የሰብለ ነገር አይሆንለትም፤ ለፊታውራሪ መሸሻ ግን ድምፁም፣ ጉራውም ይበቃል።