ሳይመረምሩ ማዘዝ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጅዳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በስልክ ደወለችልኝ። የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ካደረገች አራተኛ ቀኗ ነበር። «እትዬ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ የቁስሉም ዙሪያ የቀላ መሰለኝ» አለችኝ። ቁስል በወሬ አይመረመርም። የስልክ ስክሪን ለዓይኔ ስለሚያንስ «በኮምፒውተር እንገናኝና አሳዪኝ» አልኳት። ኮምፒውተሩን ስከፍት ግን ኢንተርኔት የለም።

የልጅ ልጄ መርፌ ይዞ የሞደሙን የሪሴት ቀዳዳ ሊወጋ ተነሣ። «ቆይ!» አልኩት። ሞደም አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ማድረግ ሌላ ነው። ሪሴት የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋው ይችላል። በሥራ ዘመኔ ያተኮሰውን ሁሉ የወባ መድኃኒት አንሰጠውም ነበር፤ መጀመሪያ ምርመራ ነው።

«ስልክህስ በዋይፋዩ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። አይሠራም። እንግዲያው ሕመሙ የኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ በዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፈ። እዚያ ላይ ጌትዌይ ተብሎ የሚታየው ቁጥር የሞደሙ አድራሻ ነው፤ የእኛ 192.168.1.1 ነው። የኮምፒውተራችሁ የራሱ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ግን ከሞደሙ አድራሻ አላገኘም ማለት ነውና ችግሩን በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ፈልጉ።

ከዚያ «ፒንግ» መጣ። ራሱን የሳተ በሽተኛ ስሙን ጠርተን «አቤት» ይል እንደሆነ እንደምናየው ያለ ነው። ሞደሙን አራት ጊዜ ጠራነው፤ አራቱንም መለሰ። ከቤት ውጭ ያለውን 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል አድራሻ ብንጠራ ግን ዝም አለ። ይህ ቁጥር መልሶ የድረ ገጽ ስም ስትጠሩ ብቻ እንቢ ቢል፣ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ላይ ነው።

የእኛ ችግር ከሞደሙ ወዲያ መሆኑ ታወቀ። ሞደሙ ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ረግቶ መብራት ሲገባው ብልጭ ድርግም ይላል፤ የስልክ መስመሩን አላገኘም ማለት ነው። ገመዱን በእጃችን ተከትለን ሄድን። ጠዋት ቤት ሲጸዳ ቁም ሣጥኑ ተገፍቶ ከግድግዳው ሶኬት ወልቋል። ቀጭ አድርገን ሰካነው፤ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ረጋ።

እህቴን አየኋት። ቁስሉ ቀልቷል፣ አብጧል፣ መግልም ይዟል። «ነገን አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ» አልኳት። በዚያው ሌሊት ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ፣ መድኃኒትም ተጀመረላት። ዛሬ ትኩሳቷ ወርዷል።

ይህንን ተራ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሞደሙ አጠገብ ለጥፉት፦ መብራቱ፣ ገመዱ፣ ሌላ ስልክ፣ የሞደሙ አድራሻ፣ 8.8.8.8፣ በመጨረሻም የድረ ገጽ ስም። የተጠቃሚ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ደግሞ ለብቻ አኑሩ። ሁሉም እንቢ ካለና ባለሙያ ከጠራችሁ፣ የቱ ድረስ እንደመለሰና የቱ ጋ ዝም እንዳለ ንገሩት። የሪፈር ወረቀት በደንብ ተጽፎለት የመጣ በሽተኛ ቶሎ ይታከማል።