ፊዚክስ አለን በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ፊዚክስ ትምህርት ልንናገር ስንነሣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ ስትልክ አጨበጨብን፤ ማጨብጨባችንም ተገቢ ነበረ። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ በዚያም እንኮራለን። ነገር ግን ከእንጦጦ ግርጌ ከሚማሩት ልጆች የእኩለ ቀን ጥላውን አንድ ጊዜ እንኳ ለክቶ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ጥያቄው በተነሣ ቍጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ላቦራቶሪ የለም» ይባላል። እኛ ግን ይህ መልስ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ መሸሸጊያ ነው እንላለን።

እስቲ ውኃን እንውሰድ። ልጁ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ያጠናል፥ በፈተናም ይጽፋል፥ ነጥብም ያገኛል። «በባሕር ወለል ላይ» የምትለው ቃል በጠመኔው ብናኝ ውስጥ ጠፍታለች። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩም ግፊት በዚያው መጠን ስለሚያንስ፥ እናቱ የጣደችው ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ድስት ቢኖሩ ክፍሉ በሙሉ ይህን በዓይኑ አይቶ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ የግፊት ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ «ለምን» አይደለምን? እኛ ግን ልጁን ከራሱ ምድጃ ይልቅ ሰሌዳውን እንዲያምን አስተማርነው።

ስለ ሕዋ ሳይንስም እንዲሁ ነው። የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ኤራቶስቴኔስ የሚባል ሊቅ፥ ዓባያችን በሚያልፍበት በአስዋንና በባሕር ዳርቻዋ በእስክንድርያ መካከል ያለውን የፀሐይ ጥላ ልዩነት መርምሮ የምድርን ዙሪያ አሰላ። ሳተላይት አልነበረውም። እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸች አገር አለችን፤ ሞያሌና መቀሌ በካርታ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መሥመር የቆሙ ያህል ናቸው። በታኅሣሥ 12 ገደማ፥ ጥላ እጅግ በሚያጥርበት የቀትር ሰዓት፥ የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ቢተክሉ፥ የሞያሌው ጥላ 51 ሳንቲ ሜትር፥ የመቀሌው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንጨቱንና ጥላውን በወረቀት ላይ አሳንሰው ቢሥሉ የሞያሌው ማዕዘን 27፥ የመቀሌው 37 ዲግሪ ሆኖ ያገኙታል። ልዩነቱ 10 ዲግሪ፥ ማለት የክብ አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ነው። በካርታ ላይ የሁለቱ ከተሞች የቀጥታ ርቀት 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፥ ይህን በ36 ማባዛት ነው። 39,600 ይመጣል! ምድር በዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኗን አንድ የሞያሌና አንድ የመቀሌ ልጅ በስልክ ተነጋግረው ደረሱበት ማለት ነው። ይህ ስንት ብር ይፈጃል?

አባቶቻችን ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ይለዩ ነበር። እኛ የእነርሱ ልጆች በደጃችን ያለውን ፀሐይ ትተን የፀሐይን ሥዕል እናስጠናለን።

«ይህማ የድኻ ፊዚክስ ነው፤ መንግሥት ላቦራቶሪ ከመሥራት እንዲያመልጥ በር መክፈታችሁ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። ላቦራቶሪ ይሠራ ብለን ዛሬም እንጮኻለን። ነገር ግን ከእኛ አንዳንዶቻችን ስሙን በማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት ያየነውን እንናገር፤ ሌንሶች፥ ማግኔቶች፥ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች በሣጥን እንደ ታሸጉ ተቀምጠዋል። ቍልፉ በንብረት ክፍል ነው። መምህሩ አይጠይቅም፥ ባለ ንብረቱም አይሰጥም፤ «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ነው ነገሩ። ልጆቹን ግን በመሣሪያው ያለ መማራቸውን ዕዳ ማን ይከፍላል? መሣሪያ ባለበትም ልማድ ከሌለ ዕቃው ዝገት ያበቅላል።

«መጽሐፉ ረጅም ነው፥ ጊዜ የለም» የሚሉ መምህራንም አሉ። ድካማቸውን እናውቃለን፤ ደመወዛቸውንም እናውቃለን። ሆኖም መጽሐፉን ፈጅተን የት ደረስን? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች የተፈተኑት በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው። መጡ፥ ተፈተኑ፥ ሄዱ። ከዚያ በኋላ «ሰነፍ ትውልድ» የሚል ስም ወጣላቸው። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ያስተማራቸውን መምህር ማን አስተማረው? ይህ ዓይነት ግቢ አይደለምን? በሰሌዳ ብቻ የተማረ በሰሌዳ ብቻ ያስተምራል። እንግዲህ ጣታችንን ወደ ሌላ ከመቀሰራችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልሰው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ ለማስተማር ልምምድ የሚወጣ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ፥ ልጆች በእጃቸው የለኩበትን ቢያንስ አንድ ትምህርት ሳያስተምር ውጤት አይሰጠው። ሁለተኛ፥ ፈተና የሚያወጡ መምህራን ለክቶ ለሚያውቅ ልጅ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ያስገቡ፤ የሚፈተነው ነገር መማሩ አይቀርምና። ሦስተኛው የኛ የራሳችን ነው፤ ማኅበራችን በያንዳንዱ ቅዳሜ አባሎቹን ወደ ቅርብ ትምህርት ቤቶች ይላክ። የሚይዙት ዕቃ ቀላል ነው። ገመድና ድንጋይ በቂ ነው፤ አንድ ሜትር ገመድ ላይ የታሠረ ድንጋይ አሥር ጊዜ ለመመላለስ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል፥ ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም። ልጆቹ አያምኑም። እንዳያምኑ እንፈልጋለን፤ ራሳቸው ይቍጠሩ።

ጓደኞቻችን፥ መምህራኖቻችን! በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ፀሐይ በአዲስ አበባ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፥ የቆመ እንጨትም በቀትር ጥላ አይኖረውም። በዚያን ቀን እንጨት ያልተተከለበት የትምህርት ቤት ግቢ ካለ፥ የመሣሪያ እጦት ነው አንበል። የኛ ስንፍና ነው።