የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ በማን እጅ ይሁን

መጻሕፍትን በመኪና ጭኖ ወደ ገጠር መላክ መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መጻሕፍቱ ከመኪናው ወርደው በመደርደሪያ ስለ ተደረደሩ ብቻ ያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ሆነ ማለት አይቻልም፤ ሹም በሚጎበኝበት ቀን ተጠርጎ የሚከፈት፥ ሹሙ ሲመለስም የሚዘጋ ቤት ዕቃ ቤት ነውና። ቤትን ቤተ መጻሕፍት የሚያሰኘው በዙሪያው ያለው ሕዝብ «የእኔ ነው» ብሎ ሲገባበትና ሲጠብቀው ነው። ይህም ነገር በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ ለምትገኘው ለባንኮ ጎቲቲ ሲታሰብ ይበልጥ ይገለጣል።

የባንኮ ጎቲቲ ስም በአገር ውስጥ ካለው ዝና ይልቅ በባሕር ማዶ ያለው ሳይበልጥ አይቀርም። በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በእስያ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ነጋዴዎች የዚችን ቀበሌ ስም በከረጢቱ ላይ አትመው፥ ስለ አፈሯና ስለ ከፍታዋ፥ ስለ ቡናዋም መዓዛ ጽፈው ለገዢው ያስነብባሉ። ቡናውን ለቅሞ፥ አጥቦ፥ በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣው ገበሬ ግን ስለ ገዛ ምድሩ የተጻፈው ቃል አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም በማያውቀው ቋንቋ ነው።

የሊቃውንቱም ጽሑፍ ከዚህ አልተሻለም። ጌዴኦ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትን፥ ከእንሰቱም ሥር ቡናን ተክሎ በገደላማው ምድር ብዙ ሕዝብ የሚመግብበት ጥበብ ዓለምን አስደንቆ፥ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ1994 ዓ.ም ገደማ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር ይህንኑ የእርሻ ሥርዓት መርምሮ በሆላንድ አገር ሰፊ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥበቡን ለመርማሪው የነገሩት ሽማግሌዎች ልጆች አባቶቻቸው የተናገሩት ወዴት እንደ ደረሰ ቢጠይቁ የሚያሳያቸው ማን ነው? ከሕዝብ የተወሰደ ዕውቀት ለሕዝብ አለመመለሱ እንደ ብድር ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ ለመክፈል ደግሞ በአካባቢው ካለ ቤተ መጻሕፍት የተሻለ ከፋይ አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የንባቡ ነገር ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበረ። እርሻውን ውሎ የመጣው ገበሬ፥ ልጅ ያዘለችው እናት፥ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ፊደል ቆጥረው የገዛ አንደበታቸውን በጽሑፍ አነበቡ። ፊደሉም የግዕዝ ፊደል ነበረ። ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ በትምህርት ቤት የጌዴኦኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ሆነ። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት መተው ይበቃል። የደረሰውን ነገር ማስተዋል ግን የሁሉ ፈንታ ነው፤ አባት በአንድ ፊደል፥ ልጅ በሌላ ፊደል አንዱን ቋንቋ ያነባሉ፤ የአባት ጽሑፍ ለልጅ፥ የልጅም ደብተር ለአባት ዝግ ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜ የተማረው ጎልማሳ ዛሬ ሸምግሏል፤ የሚነበብ ስላላገኘም ፊደሉን ረስቶት ከሆነ የሚወቀሰው እርሱ አይደለም። ማረሻ ሳይታረስበት ሲቀር እንዲዝግ ንባብም ሳይነበብ ሲቀር ይጠፋል።

እንግዲህ ለባንኮ ጎቲቲ መጻሕፍትን የሚመርጥ ሰው ይህን ሳያውቅ ከአዲስ አበባ የተረፈውን የእንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ ቢልክ በጎ ሐሳቡ ይመሰገናል፤ መጽሐፉ ግን አንባቢ አያገኝም። አስቀድሞ ሕዝቡን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምናልባት የሚበልጠው ጥቅም ከሕዝቡ ከራሱ የሚጻፍ መጽሐፍ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ይኸውም ሽማግሌው ስለ እንሰትና ስለ ዛፍ፥ ስለ ድንበርና ስለ ዕርቅ የሚናገረውን ተማሪው በጌዴኦኛ ጽፎ፥ በሁለቱም ፊደል ተባዝቶ በመደርደሪያው ቢቀመጥ፥ ሽማግሌውም የልጅ ልጁን ይዞ ቃሉን ለማየት ይመጣል። የዲላ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዞን ያለ የዕውቀት ቤት ነውና፥ ቃሉን በመቅዳትና ጽሑፉን በማረም ቢረዳ፥ ስለ ጌዴኦም የሚጻፈውን ጥናት በሕዝቡ ቋንቋ አሳጥሮ አንድ አንድ ቅጂ ለየቀበሌው ቢመልስ፥ ከማስተማር ሥራው የራቀ አይሆንበትም።

ስለ መጻሕፍት ጥበቃ ለካህናት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ታሪክ ለዚህ ነገር ትልቅ ምስክር ስለ ሆነ ማስታወሱ አይከፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት አሰብስበው ነበር። አሳባቸው ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን በ1860 ዓ.ም መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ የተሰበሰበው ሁሉ ባንድ ቀን ለዘረፋ ተዳረገ፤ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ተወስዶ እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። በሐይቅ ደሴትና በጣና ገዳማት፥ በየገጠሩም ደብር የቀሩት መጻሕፍት ግን ብዙ ጦርነት አልፎባቸው ኖረዋል። ጠባቂያቸው መነኮሱና ዕቃ ቤቱ፥ ከእነርሱም ጋር ምእመኑ ሁሉ ነበረ፤ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በኅዳጉ ተጽፏል፤ የሰረቀውም የፋቀውም እንዲወገዝ ታዟል፤ የመንደሩ ሰው ማንበብ ባይችል እንኳ መጽሐፉ የእርሱ መሆኑን ያውቃል። ከደብር መጽሐፍ አይሰረቅም፥ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ ተሰርቋልም ተቃጥሏልም። ነገር ግን ባለቤት ያለው መጽሐፍ ሲጠፋ የሚጮኽለት አለ።

በቅርብ ዘመንም ይህን መንገድ የተከተሉ ሰዎች አልታጡም። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ያገለግሉ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆች ወዳሉበት የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። ብዙ ሰው በአህያይቱ ተደነቀ፤ የሚያስደንቀው ግን አህያይቱ አይደለችም። ልጁ ወደ መጽሐፉ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄዱ፥ ያውም የአገሬው ሰው በሚያውቀው መጓጓዣ መሄዱ ነው። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለውም ማኅበር በየወረዳው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም ቤቱንና ሠራተኛውን የአካባቢው ሕዝብና አስተዳደር እንዲያቀርብ፥ እርሱ ደግሞ መጻሕፍትና ሥልጠና እንዲሰጥ አድርጎ ሠርቷል። በዋና ከተማም በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም የተመረቀው አብርሆትም ታላቅ ሕንፃ ነው። የገጠሩ ግን ሕንፃው ቢያንስ ችግር የለም፤ ውሉ ይጽና እንጂ።

በባንኮ ጎቲቲ ለዚህ ውል የሚሆኑ ተዋዋዮች አሉ። ጌዴኦ ጉዳዩን የሚመክርበት፥ ጠቡን የሚያበርድበት የሽማግሌዎች ሸንጎ ሶንጎ ይባላል፤ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ቦታው በሶንጎ ተመክሮ ቢወሰን፥ ጠባቂውም በሽማግሌዎች ፊት ቢሾም፥ የወረዳ ሹም በተለወጠ ቍጥር ቤቱ አይዘጋም። የገበሬዎቹ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ በ1994 ዓ.ም የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ነው። በፍትሐዊ ንግድ ደንብ ከሚሸጥ ቡና ላይ ገዢው ከዋጋው በላይ የሚጨምረው ገንዘብ አባላቱ በጉባኤ ለወሰኑት ለጋራ ጥቅም የሚውል ነው፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ለመጻሕፍት ቢመደብ ማኅበሩ ለጋሽ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚም ይሆናል። የቡና ዋጋ በየቀኑ በግድግዳው ተለጥፎ ቢነበብ፥ የውል ወረቀት የሚያነብለት ለሌለው ገበሬ የሚያነብለት ጸሐፊ ቢቀመጥ፥ ገበሬው ቤቱን የሚወደው ስለ መጽሐፍ ክብር ተሰብኮለት ሳይሆን ሲጠቀምበት ነው። የየሃይማኖቱም አባቶች ከስብከት በኋላ ለሕዝቡ ቢናገሩለት ቃላቸው ከመንግሥት ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ይቀራል። ገደብ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው፤ በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ፥ በ2011 ዓ.ም በጎቲቲ ብዙ ሺሕ ሰው ተጠልሎ ነበር። የሁለቱ ሕዝብ አባቶች ጠብ ሲነሣ ጎንዶሮ በሚባለው ሥርዓት ሲታረቁ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የሚቆም ቤተ መጻሕፍት የኦሮምኛ መጻሕፍት ከጌዴኦኛውና ከአማርኛው አጠገብ ሊደረድር፥ ለገበያ የመጣ የጉጂ ልጅም እንግዳ ሳይባል ገብቶ ሊያነብ ይገባዋል። የጎንዶሮን ሥርዓት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች አብረው ቢያስጽፉት፥ ለመደርደሪያው ከሚገዛው መጽሐፍ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ይኖረዋል።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። የጠባቂው ደመወዝ በወረዳው በጀት በስም ተጽፎ በየወሩ ይከፈል። ሰዓቱም በቢሮ ሰዓት አይወሰን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቡና በሚለቀምበት ወራት ቀን ቀን ማንም አይመጣምና፥ ያን ጊዜ ቤቱ ማታ ይከፈት፤ በገበያ ቀንና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ በቀን ይከፈት። ቁልፉ ሁለት ሆኖ አንዱ በጠባቂው፥ አንዱ ሶንጎው በመረጠው ሽማግሌ እጅ ይሁን።