ብረቱ የት ገባ?

በጎንደር አገር ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእነሱ እጅ ይወስዳል፤ ወስዶ ሲያበቃም «ቡዳ» ይላቸዋል። በዚህ ስድብ የተነሣ ስለ ወናፍና ስለ መዶሻ ማውራት ዛሬም የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አሉ። እኛ ግን ይህ ሙያ የሚያፍሩበት ሳይሆን የሚማሩበት ነው እንላለን።

ቀጥቃጭ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። የጋለ ብረት አየር ሲነካው ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱም በመዶሻ ሲመታ ይረግፋል። ስለዚህ ከእሳት የሚወጣው ብረት ከገባው ያንሳል።

የዛሬ ኬሚስቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ለማዳበሪያ የሚያገለግለው ናይትሪክ አሲድ ሲመረት አሞኒያና አየር ከ850 እስከ 950 ዲግሪ በጋለ የፕላቲነምና የሮዲየም ሽቦ መረብ ውስጥ ያልፋሉ። መረቡ ካታሊስት ነው፤ ለውጡን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ኦክስጅን ከፕላቲነሙ ጋር እየተዋሐደ በጋዝ መልክ ይዞት ይሄዳል። ለአንድ ቶን አሲድ የሚጠፋው ከ1 ግራም በታች ነው፤ ትልቅ ፋብሪካ ግን በቀን ብዙ መቶ ቶን ስለሚያመርት በዓመት ኪሎዎች ይሆናል። ከፊሉን ለመያዝ ከሥሩ የፓላዲየም መረብ ይዘረጋል።

በዚያ ሙቀት አተሞቹን አንድ በአንድ መከታተል ስለሚያስቸግር ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ያሰላሉ። አንድ አተም ከገጹ ለመላቀቅ ስንት ጉልበት ይፈልጋል? ኦክስጅን ሲይዘውስ? በጠርዝ ላይ ያለ አተም ጎረቤቱ ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ ይላቀቃል። የዚህ ስሌት ዘዴ መሠረት የጣለው ዋልተር ኮን በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ትምህርት ከቤርሼቫ ሩቅ አይደለም። ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ካታሊስት የሚጠናበት የብሌክነር ማዕከል አለው፤ ከከተማው በስተደቡብም የኔኦት ሆቫቭ የኬሚካል ፋብሪካዎች አሉ። ፕላቲነሙም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በወለጋ ዩብዶ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተቆፍሯል።

«የወናፍና የኮምፒውተር ነገር ምን ያገናኘዋል?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ የአያት መዶሻ ለልጅ ልጅ ሒሳብ አያስተምርም። ሒሳቡንና ፊዚክሱን እንደ ማንም ሰው ቁጭ ብለን መማር አለብን። «ይህ የእኛ ቦታ አይደለም» የሚለውን ሰበብ ግን ያነሣልናል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ልማር ሲል «ምን እንጀራ ይሰጥሃል?» ማለታችሁ ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን እስከ መጨረሻው ስሙት። እኛ ተማሪዎችም ትምህርት ስንመርጥ ጓደኛ የሄደበትን ብቻ አንከተል። ቅዳሜ ከአያቶቻችን ጋር ስንቀመጥም ብረቱ ለመቀጥቀጥ መድረሱን በምን ቀለም ይለዩ እንደነበር እንጠይቃቸው። የነገሩንን እንጻፈው፤ የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው።