የመሥሪያ ቤትህን ቁልፍ ወደ ቤትህ ስትወስድ

ቀድሞ ሥራው ያላለቀለት ጸሐፊ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ፋይሉ በመንገድ ቢወድቅ፥ ዝናብ ቢመታው ወይም ሕፃን ቢቀደው ጉዳቱ የአንድ ፋይል ጉዳት ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ፋይሉ በመሥሪያ ቤቱ ይቀራል፤ ከጸሐፊው ጋራ የሚሄደው ቁልፉ ነው። በቤትህ ተቀምጠህ በኢንተርኔት አማካይነት የቢሮህን ኮምፒዩተር ከፍተህ ልትሠራበት ትችላለህና። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፤ ይህ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ የወደቀ እንደሆነ የሚጠፋው አንድ ፋይል ሳይሆን መዝገብ ቤቱ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምንነጋገረውም ቁልፉን እንዴት አድርጎ መያዝ እንደሚገባ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ፈቃድ ነው። በጠረጴዛህ ላይ ያለው ኮምፒዩተር አንተ ፈርመህ የወሰድኸው ቢሆንም ንብረትነቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በውስጡ ያለውም የጡረተኛው ማኅደር፥ የተማሪው ውጤት፥ የባለጉዳዩ አቤቱታ ነው። ስለዚህ «ማታ ማታ ልሥራ ብዬ ነው» የሚለው ቅን አሳብ ብቻውን አይበቃም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። እንግዲህ ለቅርብ አለቃህና ለአይሲቲ ክፍል በጽሑፍ አመልክት፤ ከየትኛው ኮምፒዩተር ወደ የትኛው፥ ለምን ሥራ፥ እስከ መቼ ድረስ እንደሆነ ግለጥ። አይቻልም ቢሉህም አትቀየም፤ ከቤት ሆኖ ሊነካ የማይገባው መዝገብ አለና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የቢሮህ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፥ ሪሞት ዴስክቶፕ የተባለ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። ሆም የሚባለው ዓይነት ግን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለመሄድ ያስችላል እንጂ በዚህ መሣሪያ እንግዳ አይቀበልም። መሣሪያው ሲሠራ የቢሮህ ኮምፒዩተር የገጹን ሥዕል ወደ ቤትህ ይልካል፤ አንተ የምትመታው ፊደልና የምታንቀሳቅሰው ማውስ ደግሞ ወደ ቢሮ ይደርሳል። ይህ መልካም ነው። ክፋቱ የሚመጣው መሣሪያው እንግዳ የሚቀበልበትን፥ በቁጥር 3389 የሚታወቀውን በር፥ አንዳንድ ሰው በቀጥታ ለኢንተርኔት ሲከፍተው ነው።

«በዓለም ላይ ካለው ኮምፒዩተር ሁሉ መካከል የእኔን ማን ያገኘዋል?» ትል ይሆናል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። በእርሱም፥ አይፒቪ4 የሚባሉትን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የኢንተርኔት አድራሻዎች በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ መጨረስ እንደሚቻል አሳዩ። እነርሱ ለጥናት ያደረጉትን ሌባው ለእንጀራው ያደርገዋል። በሩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ፓስዎርድ እየቀያየሩ መሞከር ነው፤ ይህንንም የሚሠራው እንቅልፍ የማያውቅ ማሽን ነው። አንዳንድ ጊዜም ፓስዎርድ አያስፈልገውም። በ2019 ማይክሮሶፍት በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባ ቀዳዳ መገኘቱን አስታወቀ፤ አደጋው ከባድ ስለ ነበረም ድጋፉን ካቋረጠ ብዙ ጊዜ ለሆነው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ሳይቀር መጠገኛ አወጣ። አፕዴት አድርግ ሲልህ «ነገ» እያልህ የምታልፍ ከሆነ ይህን አስብ።

የዚህ መድኃኒቱ ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን ከቤትህ እስከ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ድረስ በሕዝብ መንገድ ላይ የተዘረጋ፥ የተሸፈነ መተላለፊያ ማለት ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ በምስጢር ጽሕፈት የተለወጠ ስለሆነ በመካከል ያደባ ሰው ቢያገኘው አያነበውም። መጀመሪያ በቪፒኤን ወደ ግቢው ትገባለህ፤ ከዚያ በኋላ በሪሞት ዴስክቶፕ የክፍልህን በር ትከፍታለህ። የኮምፒዩተርህም በር ለግቢው ሰው እንጂ ለመንገደኛ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በአገራችን ብዙ ሰው ቪፒኤን የሚለውን ቃል የለመደው አንዳንድ ድረ ገጾች በተዘጉ ጊዜ በስልኩ ላይ ከጫነው ነጻ ፕሮግራም ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ መድረሻቸው ልዩ ልዩ ነው። ያኛው የሚያደርስህ ወደማታውቀው ድርጅት ኮምፒዩተር ነው፤ ይኸኛው ግን ወደ ራስህ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ቪፒኤን ከአይሲቲ ክፍል እጅ ብቻ ተቀበል።

ጓደኛህ «ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ኤኒዴስክ ጫንና ቁጥሩን ያዝ» ይልህ ይሆናል። ኤኒዴስክም ሆነ ቲምቪወር በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ መሥሪያ ቤቱ ሳያውቅ የተጫኑ እንደሆነ ግን ዘበኛው በማያውቀው በኩል አጥሩን መሸንቆር ነው። ይልቁንም «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ ይህን ፕሮግራም ጭነህ ቁጥሩን እንድታነብለት የሚጠይቅህ ሰው ቢገጥምህ፥ መልስ ሳትሰጥ ስልኩን ዝጋ።

ቪፒኤንም ቢሆን በአንድ ቁልፍ ብቻ አይታመንም። በ2021 በአሜሪካ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው፥ ለምሥራቁ ጠረፍ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን የሚያደርሰው ድርጅት በሌቦች ተመታ። የገቡት አገልግሎቱ ቀርቶ ሳለ ሳይዘጋ በተረሳ አንድ የቪፒኤን መግቢያ ስም ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ ለአሜሪካ ሴኔት እንዳስረዱት ፓስዎርዱ ቀላል አልነበረም፤ የጎደለው ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ድርጅቱ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሌቦቹ ከፈለ፤ መሥመሩ ለቀናት ሲዘጋም በየከተማው ማደያዎች ደረቁ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ከፓስዎርዱ በተጨማሪ በስልክህ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም እንዲታዘዝልህ መጠየቅ ነው፤ ያንንም ቁጥር አለቃ ነኝ ለሚልህ እንኳ በስልክ አትንገር። ሁለተኛው፥ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር ወይም ሥራ ስትለቅ ከወንበሩና ከመደርደሪያው ጋራ የመግቢያ ስምህንም አስረክበህ ማዘጋት ነው።

በቤትህም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጆች ጨዋታ የሚያወርዱበት፥ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒዩተር በሽታውን ይዞ በቪፒኤኑ ውስጥ ወደ ግቢው ሊገባ ይችላል። በኢንተርኔት ካፌ ፈጽሞ አትሞክረው፤ የምትመታውን ፊደል ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም በዚያ መኖሩን ማወቂያ የለህም። የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ወደ ቤትህ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ፍላሽ አትገልብጥ፤ ከቦታው ሳይነሣ ልትሠራበት ነውና የደከምኸው። ቡና ደረሰ ተብለህ ስትነሣም የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የኤልን ቁልፍ አብረህ ተጭነህ ገጹን ቆልፍ።

የመብራትም ነገር አለ። ከቢሮ ስትወጣ ኮምፒዩተሩን ቆልፈው እንጂ አታጥፋው፤ በራሱ እንዳያንቀላፋም ስሊፕ የሚለውን ማስተካከያ አንሣ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ማስተካከያ በብዙዎቹ ላይ ስላለ የአይሲቲ ክፍል እንዲያበጅልህ ጠይቅ። ሁሉንም የሚረዳህ ሰው በሥራ ላይ ባለበት ቀን ፈትነው፤ እሑድ ሌሊት፥ ሪፖርቱ ሰኞ ጧት ሊቀርብ፥ የመጀመሪያ ሙከራ አይደረግም።

ተማሪው አንባቢዬም ይህ እኔን አይመለከተኝም አትበል፤ የዩኒቨርሲቲህ የመግቢያ ስም ዛሬ የያዝኸው የመጀመሪያው የአደራ ቁልፍ ነው፤ ነገ የምትይዘው የበለጠ ነው። በሩን ከመክፈትህ በፊት «ይህ በር ለማን ይታያል?» ብለህ ጠይቅ። ለመንገደኛ የሚታይ ከሆነ አትክፈተው፤ ሥራው እስከ ጧት ይቆይ። አንድ ምሽት የዘገየ ደብዳቤ በይቅርታ ያልፋል፤ ማኅደሩ የጠፋበት ጡረተኛ ግን በየመስኮቱ ሲንከራተት ማን ይቅርታ ይለዋል? ያን ጊዜ ፓስዎርድ መቀየርም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።